ሱቅ ውስጥ የቀረችው ከፈን

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር አንድ ሱቅ ታሽጎ አየሁ። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሙጫው ገና አልደረቀም። ሽታው መልሶ ቡሬ ወሰደኝ፣ ከአባቴ ጨርቅ ሱቅ ደጃፍ።

ልጅ ነበርኩ። አባቴ ግብር አልከፈለም። የግብር ቢሮ ሰዎች ቢያስጠነቅቁትም "ገበሬው እህሉን ሲሸጥ እከፍላለሁ" እያለ ከረመ። አንድ ጠዋት መጥተው አሸጉበት። እናቴ ስለ ጨርቁ አለቀሰች። አያቴ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ሰዎቹ ቀረቡ።

"ልጆቼ፣ ሱቁም ዕዳውም የልጄ ነው። የኔ ከላይኛው መደርደሪያ ያለችው ከፈኔ ብቻ ናት። እሷን አውጡልኝ።"

የመቀበሪያ ጨርቃቸውን ከመካ በዘምዘም ውሃ አጥበው ነበር ያመጧት። ቤታችን ክረምት ያፈሳልና ሱቅ አስቀመጧት።

"አባባ፣ ከታሸገ በኋላ መርፌም አይወጣም" አላቸው አንደኛው፣ ዓይናቸውን ሳያይ።

"እንግዲያውስ ሞቴንም አብራችሁ አሽጉልኛ!" አሉ አያቴ።

ሱቁ ሳይከፈት ሞቱ። በኛ ደንብ ሬሳ አያድርም። አባቴ እሽጉን ለመቅደድ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ከጎረቤት ነጋዴ አቡጀዲ ለመነ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ዕዳ የፈሩትን አያቴን በዱቤ ጨርቅ ቀበርናቸው።

ሱቁ ኋላ ሲከፈት የወጣችው ያቺ ከፈን ዛሬም እናቴ ሣጥን ውስጥ አለች። ለማን ትሁን ብሎ ሊጠይቅ የደፈረ የለም።

የዛሬው ባለሱቅ በታሸገው በር ፊት ቁጢጥ ብሏል። ውስጥ ምን እንደቀረበት ልጠይቀው ቀረብኩና ሳልጠይቀው አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።