ጋሼ ንጉሤና የመጋዘኑ እንጉርጉሮ

ባለፈው ሳምንት ለበር የሚሆን ቫርኒሽ ልገዛ ጎጃም በረንዳ አካባቢ አንድ የአናጢ ዕቃ መሸጫ ገብቼ ነበር። ሻጩ ከመደርደሪያው ጥግ አንዱን ጣሳ ሲከፍት የዛፍ ሙጫ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ መረር ያለ፣ አቧራ አቧራ የሚል ሽታ። ልጅ ሳለሁ ያ ሽታ የአንድ ሰው እጅ ላይ ነበር። ሻጩ "እህት፣ ስንት ልስጥሽ?" እያለኝ እኔ ጣሳውን አሸታለሁ።

ጋሼ ንጉሤ በግቢያችን ከተከራዩት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ በከተማው ኦርኬስትራ ቼሎ የሚባል ትልቅ ባለደጋን መሣሪያ ይጫወቱ ነበር። ቼሎውን የሚይዙበት ጥቁር ሣጥን ከእኔ ይረዝማል። በመርካቶው ሰፈራችን ጠባብ መንገድ፣ በጋሪና በጆንያ መሀል አዝለውት ሲመጡ የማያውቋቸው ሰዎች የሬሳ ሣጥን ይመስላቸውና መንገድ ይለቁላቸዋል። ባርኔጣቸውን የሚያወልቁም ነበሩ። ጋሼ ንጉሤ አይስቁም፣ አያስተባብሉም፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመስግነው ያልፋሉ። ከዚያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የደጋኑን ፀጉር በዚያ ሙጫ ሲያሹ ከጎናቸው ቁጭ እል ነበር።

ክፍላቸው ከአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ጋር ግድግዳ ትጋራለች። መጋዘኑ ከተዘጋ ያኔ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው፣ ተሸካሚ፣ የተከመረ ጆንያ ተንዶበት የሞተው እዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛ ሁሉ አልገባም ስላለ ባለመጋዘኑ ቆልፎት ሄደ። የሰይድ ሚስት እትዬ ከድጃ ከግቢያችን ፊት ለፊት ክርና መርፌ ይሸጡ ነበር። የባላቸውን ሰደቃ አላወጡም። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቃቸው "ገና አልሄደም" ይላሉ፤ ሱቅ ደርሶ ስለሚመጣ ሰው እንደሚያወሩ፣ ረጋ ብለው።

እሁድ ከሰዓት መርካቶ ዝም ይላል። ያን ያህል ሕዝብ የሚርመሰመስበት ቦታ ዝም ሲል ደስ አይልም፤ የራስን እርምጃ ያሰማል። በአንዱ እሁድ ጋሼ ንጉሤ ጠሩኝ።

"ነይማ፣ ጆሮሽን እዚህ ጋ አድርጊ።"

ግድግዳው ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ቀጥሎ የወንድ ድምፅ መጣ፤ አፉን ሳይከፍት የሚያንጎራጉር፣ ወፍራም፣ ሸክም እንዳለበት ሰው ትንፋሹ የሚቆራረጥ። አንዱን ሐረግ ይጨርስና ይተነፍሳል፤ ሁለተኛውን ይጀምርና መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ደግሞ ከመጀመሪያው ይነሳል። የሚያቆመው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው።

"ሰማሽ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አላበድኩም" አሉና ወረቀት ስበው ኖታ መጻፍ ጀመሩ።

በሳምንቱ ቼሎውን ይዘው እትዬ ከድጃ ሱቅ ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀመጡና ዜማውን ተጫወቱት። የክሩ ጥቅል ከእትዬ ከድጃ እጅ ወድቆ እየተተረተረ ሄደ።

"ሰይድን የት ያውቁታል?"

"አላውቀውም፣ እትዬ። ሰፈሩ የገባሁት እሱ ካለፈ በኋላ ነው።"

"ይሄን ጭነት ሲያነሳ ለራሱ ነበር የሚያንጎራጉረው። ከማንም አልተማረውም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለምን መሀል ላይ አቆሙት?"

"እሱም እዚያ ላይ ነው የሚያቆመው።"

እትዬ ከድጃ ወደ መጋዘኑ አዩ። "መጨረሻውን አውቀዋለሁ" አሉ፤ ግን አላሰሟቸውም።

ጋሼ ንጉሤ ኦርኬስትራው መጥቶ መጋዘኑ ውስጥ እንዲጫወት ወራት ለመኑ። ከሰፈራችን ሰው የኦርኬስትራውን አዳራሽ ደጃፍ የረገጠ አልነበረም፤ ኦርኬስትራውም እኛ ዘንድ መጥቶ አያውቅም። የኦርኬስትራው መሪ "መርካቶ ውስጥ ማን ይሰማናል?" ሲሏቸው "አንድ ሰው አለ" ብለው መለሱላቸው። ይሄን ለእናቴ ሲነግሯት ፈገግ አላሉም።

መጡ። እሁድ ከሰዓት ነበር። ባለመጋዘኑ ቁልፉን ሰጥቶ እሱ ውጭ ቀረ። ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ልጅ ያዘለችው ሁሉ ባዶ ሣጥንና ጆንያ ላይ ተቀመጠ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ብርሃን እንደ ክር ይወርዳል። ተጫዋቾቹ መሣሪያቸውን ቃኝተው ዝም ሲሉ ያለቀ መስሎን አጨበጨብን። ከዚያ ሁለት የውጭ አገር ዜማ ተጫወቱ፤ ሰዉ እንደ እንግዳ ተጠንቅቆ አዳመጠ። በመጨረሻ ጋሼ ንጉሤ የጻፉትን የሰይድን ዜማ ጀመሩ።

ድምፁ የመጣው ከወደ ኋላ፣ ድሮ እህል ይከመርበት ከነበረው ጥግ ነው። የመሪው እጅ አየር ላይ ቀረ። ቫዮሊኖቹ አንድ በአንድ አቆሙ፤ ጋሼ ንጉሤ ብቻ ቀሩ፤ በኋላ እሳቸውም ደጋናቸውን አነሱ። እንጉርጉሮው ብቻውን ቀጠለ። ወደዚያ ጥግ የዞረ ሰው አልነበረም። እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። ሁለተኛው ሐረግ መሀል ላይ ደረሰና ቆመ።

እትዬ ከድጃ ከተቀመጡበት ተነሱ። አፋቸውን ሳይከፍቱ የቀረውን አዜሙ፤ አጭር ነበር፣ ወደ ታች የሚወርድ። ሲጨርሱ "በቃ፣ ሰይድ። አውርደው" አሉ።

አንድ ነገር መሬት ላይ ሲያርፍ ሰማን። ከባድ ነበር፤ አቧራም ተነሳ። እንደ ወደቀ ነገር አልነበረም፤ ቀስ ብለው ያስቀመጡት ይመስላል።

በዚያው ሳምንት ዓርብ እትዬ ከድጃ ሰደቃ አወጡ፤ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ ምስር ሠርተው ጠሩን። ከዚያ በኋላ አንድ እሁድ ጋሼ ንጉሤን ግድግዳው ላይ ጆሯቸውን አድርገው አገኘኋቸው። "ምንም የለም" አሉኝ። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው ዛሬም አላውቅም።

ሁለተኛ ደረጃ ሳልጨርስ አረፉ። መጋዘኑ ፈርሶ ሕንፃ ተሠራበት። ኦርኬስትራው ግን ከዚያ እሁድ ወዲህ በየዓመቱ መምጣቱን አልተወም፤ ሕንፃው ምድር ቤት ይጫወታል። ዘንድሮ ሄጄ ነበር። ተጫዋቾቹ ሁሉ ወጣቶች ናቸው፤ ጋሼ ንጉሤን የሚያውቅ የለም። የሰጡኝ ወረቀት ላይ የታላላቆቹ የውጭ አገር ደራሲዎች ስም ተደርድሯል፤ ከሁሉም በታች "ዜማ፦ ሰይድ፣ ተሸካሚ" ይላል።

ቼሎ የምትጫወተዋን ልጅ ስሙን ማን እንደጻፈው ጠየቅኳት።

"ኖታው ላይ በእጅ ተጽፎ አገኘነው" አለችኝ። "እንዳለ ተውነው።"