የአበጋዝ እናት ታማለች

ይህን ነገር እስካለፈው እሑድ ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጥቃቅኑን ኃጢአቴን ሁሉ እየዘረዘርኩ ይህን አንዱን እየዘለልኩ ስንት ጾም ፈታሁ? የምታነቡት እናንተ ፍረዱኝ፤ እኔ ለራሴ አልከራከርም።

አበጋዝ ከመካነ ሰላም ወጥቶ በኳስ ደመወዝ የበላ የመጀመሪያው ሰው ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ ቡድን አብረን ተጫወትን፤ እሱ አጥቂ፣ እኔ አምበል። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ኳሷ እግሩ ሥር ስትገባ የሚጮኸው ተመልካች ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። እውነቱን ልናገርና እቀናበት ነበር፤ ያለ እሱ እንደማላሸንፍ አውቃለሁና።

ዘመኑ የረሃቡ ዘመን ነው። ከገጠር የፈለሰው ሰው መንገድ ዳር ወድቆ እያየን ልምምድ እንሄድ ነበር። የዋንጫ ጨዋታ ባለን እሑድ ጠዋት አንድ ያገራችን ነጋዴ መጥቶ ከበር አስጠራኝ። «የአበጋዝ እናት ታማለች፤ ድረስ በሉት» ብሎኝ ወደ ጉዳዩ ሄደ።

ባገራችን ሰው ሲሞት ራቅ ላለ ልጁ «ሞተ» ተብሎ አይላክም። «ታሟል፣ ድረስ» ነው የሚባለው። መርዶው ደግሞ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ነው። ስለዚህ ሞታለች አልኩ። ከሞተች ዛሬ ቢሰማ ነገ ቢሰማ ምን ይለወጣል? ዛሬ ይጫወት፣ ነገ ማለዳ ሽማግሌ ይዤ አረዳዋለሁ አልኩ። ሞታለች ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር? ወይስ መሞቷ ስለተመቸኝ? ነጋዴውን ሮጬ ደርሼ «በሕይወት አለች ወይ?» ማለት እችል ነበር። እኔ ግን አልጠየቅኩም። «አለች» ቢለኝ አበጋዝን ላሰናብተው ነው፤ ያንን ነው የፈራሁት።

ተጫወተ፤ አሸነፍን። በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹ አረዱት። በጭነት መኪናም በእግርም ብለን ማክሰኞ መካነ ሰላም ስንደርስ ግን እናቱ የተቀበረችው እኛ በደረስንበት ቀን ጠዋት ነበር። እኛ ደሴ ላይ ስናለቅስላት እሷ በሕይወት ነበረች። ያላትን እህል ለጎረቤት አካፍላ ተዳክማ፣ በሩን በሩን እያየች «አበጋዝ መጣ?» ትል ነበር።

ነጋዴው ቀድሞን ተመልሶ ኖሯል። የአበጋዝ ታላቅ እህት እትዬ ዘሪቱ ከለቀስተኛው መሃል ተነስታ፣ «መልእክቱ እሑድ ጠዋት ደርሶሃል። ኳስ ከእናትህ በለጠብህ?» አለችው።

«አልሰማሁም» አለ።

«አምበሉ አልነገረህም?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ አቀርቅሬ መሬት አየሁ። ዝምታዬን ሁሉም «ነግሬዋለሁ» ብሎ ተረጎመው። አበጋዝ ግን አየኝና ገባው። ገብቶትም አላጋለጠኝም። አብዮቱ መጣ፤ እሱም ዘምቶ ገና ጎልማሳ ሳይሆን ጦር ሜዳ ቀረ። እናቱን ለኳስ የተወ እየተባለ ቀረ። እኔ ነኝ ያስባልኩት፤ እኔው ነኝ እየሰማሁ ያረጀሁት።

ዘንድሮ የመካነ ሰላም ልጆች የኳስ ሜዳውን በስሙ እንሰይም አሉ። እትዬ ዘሪቱ እንቢ አለች። «ለእናቱ ያልደረሰ ሰው ስም እዚህ አይሰቀልም» አለች። ያለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት።

«ይህን ሁሉ ዘመን ወንድሜን አኩርፌ ኖርኩ» አለች። «ተዝካሩን እንኳ አላወጣሁለትም።»

«ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም፣ እትዬ።»

«ዛሬ አትበለኝ። ዛሬ አልችልም።» ልነሳ ስል ግን ያዘችኝ። «ያን ለት ግብ አገባ?»

እስከዛሬ ይህን የጠየቀ ሰው የለም። «አገባ፤ በግንባሩ። ሰዉ ተሸክሞት ሜዳውን ዞረ።»

«እንግዲህ ያን ያህል ደስ ያለው እናቴ በሕይወት ሳለች ነዋ?»

«አዎ፣ እትዬ። በሕይወት ሳለች።»

ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ስታነሳው ፊቷ ፈክቶ ነበር።

«በል ቅዳሜ ልጆቹን ሜዳው ላይ ሰብስብና በገዛ አፍህ ንገራቸው» አለች። «ጥፋትህን ስትጨርስ ግቡንም ንገራቸው። እኔም ፊት ለፊት ተቀምጬ እሰማለሁ።»