ዓይን ያለው መብራት

ሰፈሩ «ፓውዛ» ይላታል። ስሟን የሚያውቅ አይጠፋም፤ የሚጠራት ግን የለም። ጥፋቱ የራሷ ነው። ትምህርት እንደጨረሰች ለአንድ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ፓውዛ መብራት መያዝ ጀመረች፤ ያዘች፣ ያዘች፣ በዚያው ቀረች። ሙሽሮች ኬክ ሲቆርሱ ፓውዛ አለች፤ አማቾች ተቃቅፈው ሲላቀሱም አለች። በአንዱም ፎቶ ላይ ግን የለችም። መብራት የያዘን ሰው ማን ዞር ብሎ ያያል? እሷ ግን ከቀራጩ ትከሻ ኋላ ቆማ ሙያውን በዓይኗ ቀዳችው፤ ያገለገለች ካሜራም ገዛች።

አንድ ቀን ታዲያ የራሷን ፎቶ ቤት ልትከፍት ቆርጣ ተነሳች። ክፍል አላት ማለት ይቻላል፤ የእናቷ የመንገድ ዳር ክፍል ተከራይ ለቆት ባዶውን ነው። እናትየው ግን እንዲህ በዋዛ እጅ የሚሰጡ ሴት አይደሉም። እኒህ ሴት በዕድሜያቸው በተነሱት ፎቶ ሁሉ ዓይናቸው ተጨፍኗል። በሠርጋቸው ጨፍነዋል፣ በልጃቸው ምርቃት ጨፍነዋል፣ መታወቂያቸው ላይ እንኳን እንደምንም ግማሽ ነው።

«ዓይኔ ተገልጦ ካነሳሽኝ ክፍሉ ያንቺ ነው፤ ካቃተሽ አከራየዋለሁ» አሏት። «ሞቼ ፎቶዬ ሲሰቀል፣ ይቺ ሴትዮ ድሮም እንደተኛች ነበረች እንዲሉኝ አልፈልግም።»

ፓውዛ ለዚህ ጥሩ መብራት ያስፈልገኛል አለች። ያገኘችው ፎቶ ቤታቸውን ዘግተው ሊያርፉ ካሰቡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው፤ ሁለት ፍላሽ ከነማቆሚያው፣ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ትልቅ ነጭ ጃንጥላም ጭምር። በሰው ዕቃ መታለል የምትወድ አይደለችምና ብሎኑን ፈትታ አጠበቀች፣ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች፣ የጃንጥላውን ስፌት ለማየት ገብታ ከሥሩ ተቀመጠች። ሽማግሌው አንደኛው ፍላሽ በገመድ ከካሜራው ጋር እንደሚያያዝ፣ ሁለተኛው ግን ጀርባው ላይ ትንሽ ዓይን እንዳለችውና ሌላ ብርሃን ቦግ ሲል አይቶ አብሮ ቦግ እንደሚል በዝርዝር አስረዷት። እሷ ከጃንጥላው ሥር ሆና «እሺ ጋሼ» አለች፤ ከነገሯት አንዱንም አልሰማችም።

ቤት ወስዳ ሰካቻቸው። ገና መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ስትወጣ ሁለተኛው ፍላሽ ማንም ሳይነካው ቦግ አለ። ከወንበሩ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈች። ጥቂት ቆይቶ ደገመ፤ ከዚያ ደጋገመው።

እናትየው በሩ ላይ ሆነው የሞተ ሰው ዕቃ እንዳይሆን ጠየቁ። ሰውየው በሕይወት እንዳሉ ስትነግራቸው፣ እንግዲያው ልባቸው አልለቀቀውም አሉ።

ፓውዛ አንጀቷ እያረረ ፍላሹን ተሸክማ ተመለሰች። ሽማግሌው ዘንድ ሲሰካ ጨዋ ልጅ ሆነ፤ ካልታዘዘ ንቅንቅ የለም። እሳቸው ጢማቸውን እያሻሹ ጎረቤቷ ማን እንደሆነ ጠየቋት። በያጅ ነው አለች። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሳቃቸው ሳል ሆነ።

«ልጄ፣ እሱ በለኮሰ ቁጥር ያንቺው በመስኮት እያየ ይመልስለታል» አሏት። «ዓይኑን ሸፍኚው።» ጥቁር ፕላስተርም ቆርጠው ሰጧት።

ዓይኑን ሸፈነችው፣ ሁለተኛውንም ፍላሽ በገመድ አያያዘችው፤ ፍላሾቹ አደብ ገዙ። እናትየው ግን አልገዙም። ፀጉራቸውን ተተኩሰው፣ ደህናውን ሻርፕ ለብሰው ተቀመጡ፤ ጨፈኑ። ቆጥራ አነሳቻቸው፣ ሳትቆጥር አነሳቻቸው፣ ቀልድ ነግራ አነሳቻቸው። በሁሉም ጨፈኑ። ጣቷ ወደ ካሜራው ሲሄድ ያያሉ፤ የዓይናቸው ቆብ ከጣቷ ይቀድማል።

«ተይው፣ ከኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። ሲያዩዋት ቅር ብሏቸዋል፤ ቃል ግን ቃል ነው፣ ክፍሉን የሚያይ ሰው ነገ ይመጣል። ፓውዛ የሰቀለችውን መጋረጃ አየች፣ የቀባችውን ግድግዳ አየች።

እየመሸ ነበር። በዚህ መሃል በላይኛው ትንሽ መስኮት የብየዳው ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ አለ። እናትየው እንደ ልማዳቸው በያጁን ረገሙት፤ በጩኸቱ የተነሳ ሰላም ከተባባሉ ቆይተዋል። ፓውዛ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ፍላሹ መቼ እንደሚበራ እሷ ራሷ ካላወቀች እናቷ በምን ያውቃሉ?

ፕላስተሩን ላጠች፣ ፍላሾቹን ከካሜራው ያያያዘውን ገመድ ነቀለች። የፍላሹን ዓይን ወደ ላይኛው መስኮት አዞረች፣ በመንገዱ በኩል ያለውን መጋረጃ ዘጋች፣ አምፖሉን አጠፋች። ካሜራው እንደተከፈተ ብርሃን እንዲጠብቅ አድርጋ መክፈቻውን ተጭና ያዘች።

«እማ፣ እስካስተካክለው ድረስ ተጫወቺ» አለች።

ጨዋታ አያልቅባቸውም። ከበያጁ ጀመሩ፣ ወደ ተከራዮች ዞሩ፣ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው መጡ።

«የሰው ልጅ ስትድሪ ኖርሽ። ያን ሁሉ የሠርግ ቪዲዮ ቁጭ ብዬ የማየው ለሙሽራ ይመስልሻል? መብራቱ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ፣ ይኸው አሁን እጇ ደከመ፣ እላለሁ። አንቺን እኮ ነው የማየው።»

ከግድግዳው ወዲያ በያጁ ለኮሰ። ክፍሉ ቦግ አለ።

ፓውዛ አምፖሉን አብርታ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ካሜራውን ለእናቷ ሰጠች። አፋቸው ለወሬ ከፈት ብሏል፣ ሻርፑ ተንሸራቷል፤ ዓይናቸው ግን እንዳለ ተገልጧል። ከካሜራው ትንሽ ወደ ጎን፣ አንድ የሚወዱትን ነገር ያያል። እናትየው ካሜራውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ተመለከቱት።

«ማንን ነው እንዲህ የማየው?»

«እኔን ነዋ። ያበራው ደግሞ በያጁ ነው።»

እናትየው የክፍሉን ቁልፍ ከቁልፎቻቸው መሃል ፈልቅቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጡና የብየዳ ቤቱን በር አንኳኩ። በያጁ ዛሬ ደግሞ ምን ሊሉኝ ነው ብሎ መነጽሩን እያወለቀ ብቅ አለ።

«ነገም ትበይዳለህ አይደል?» አሉት።