የሁሉም መልስ አምስት

ልጅ ሳለች ግድግዳ ተደርምሶባታል። ክረምቱ የከፋ ነበር፤ የቤቱ የኋላ ግድግዳ ዝናብ ጠጥቶ ጠጥቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጭ ሲል እሷ ከሥሩ ነበረች። በሩ ሣጥን ላይ ጋደል ብሎ ስለቀረ አልተጨፈለቀችም፤ ግን እጇን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለችም። ጩኸቷን ጭቃው ይውጠዋል። የሰው ድምፅ ግን ከላይ ጥርት ብሎ ይሰማታል። አንዲት ጎረቤት «ከአክስቷ ጋር ወጥታለች» አለች። ሌላው «አዎ፣ ወጥታለች» አለ። ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው። ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ረጋ፤ አካፋውም ተቀመጠ።

አባቷን ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ጎረቤቶቹን እጅ እጃቸውን እየያዘ፣ አንድ በአንድ ወደ አጥሩ ጥግ እየወሰደ «አንተ በዓይንህ አይተሃል? አንቺስ?» እያለ ጠየቀ። ለብቻው ሲጠየቅ በዓይኑ ያየ አንድም ሰው ጠፋ። ያን ጊዜ ቁፋሮው ተጀመረ፤ ሳይመሽ አወጧት።

ከዚያ ወዲህ የተዘጋ ክፍል ጠላቷ ሆነ። አድጋ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ስትገባም በሩ አጠገብ ያለውን የስፌት መኪና ለምና ነው የያዘችው። ሥራዋ የሸሚዝ ኮሌታ መስፋት ነበር፤ ወጣትነቷ እዚያው ወንበር ላይ አለቀ። ልጆቿ ከፍ ከፍ ሲሉላት ዩኒቨርሲቲ ገብታ በእረፍት ቀኗ ሳይኮሎጂ መማር ጀመረች። የሥራ ጓደኞቿ ይህን እንደሰሙ «ፕሮፌሰሯ» አሏት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ።

ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ፍርሃት ስትማር ዓለሟ ነበር። የምርምር ዘዴና ስታቲስቲክስ ሲመጣ ግን እጅ እግሯ ተሳሰረ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ አይከፈትም። ሰሌዳው በቁጥር እየሞላ ሲመጣ ግድግዳው የሚጠጋት ይመስላታል። አንዴ ወደቀች። ደገመች፤ አሁንም ወደቀች። ደንቡ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል። የዓመታት ልፋቷ ሁሉ በዚህ በአንድ ትምህርት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በመጨረሻው ዕድሏ ተማሪው ሁሉ የራሱን ጥናት እንዲሠራ ታዘዘ። እሷም የምታውቀውን ያዘች። በሥራ ቦታ የሚያዋራው ሰው ያለው ሠራተኛ ድካሙ ይቀልለታል ብላ መላምት አወጣች። አጭር መጠይቅም አዘጋጀች፤ «በሥራ ላይ የማዋራው ሰው አለኝ»፣ «ከሥራ ስወጣ ጉልበት ይተርፈኛል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። አንድ ማለት በጭራሽ፣ አምስት ማለት በጣም። ወረቀቱን ለሠራተኞቹ እንድታድልላት ለመስመር አለቃዋ ሰጠቻት። አለቃዋ ፊቷ የማይፈታ፣ ሥራዋ እንከን የማይወጣለት ትልቅ ሴት ናት፤ ሁሉም «እትዬ» ይላታል።

ወረቀቶቹ በማግስቱ በንጽሕና ተሞልተው፣ አንድም ሳይጎድል ተመለሱ። በደስታዋ ቁጥሮቹን ልብ ሳትል ኮምፒውተር ላይ ሞላችና ውጤቱን አዘዘች። ቁጥር መውጣት በነበረበት ቦታ ነጥብ ብቻ ወጣ። ደገመች። ነጥብ። ወደ መምህሩ ሮጠች።

መምህሩ ወጣት ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ሊሆን ይችላል። አየት አደረገና «እህቴ፣ የሁሉም መልስ እኮ አምስት ነው» አላት። «መልሶቹ ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚለካው ቁጥር ዜሮ ሆነ። ተዛምዶን ለማስላት ደግሞ በእሱ እናካፍላለን፤ በዜሮ ማካፈል አይቻልም። ይሄ የአንድ ሰው መልስ ነው።»

«እና ምን ላድርግ?»

«እስከ ሰኞ ሌላ መረጃ አምጪ። ካልሆነ እኔም እጄ የታሰረ ነው።»

ፋብሪካ ስትደርስ ነገሩ ገባት። እትዬ መጀመሪያ ራሷ ሞልታ፣ ወረቀቱን በመስመሩ ራስ ላይ ለሞዴል የተሰፋው ሸሚዝ የሚሰቀልበት መንጠቆ ላይ ሰቅላዋለች። በዚያ ቤት የተሰቀለውን አይቶ ያንኑ መሥራት ነው ደንቡ፤ ከሞዴሉ የተለየ ኮሌታ ተፈትቶ ይመለሳል።

«ምነው እትዬ፣ ጉድ ሠራሽኝ!»

«ምን አጠፋሁ? የልጅቷ ሥራ እንዳይበላሽ አንድ ዓይነት አድርጉ አልኳቸው፤ አደረጉ» አለች እትዬ፣ አኩርፋ።

ቤት ስትገባ ሾፌሩ ባሏ ሰምቶ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! አራት፣ ሦስት እያልሽ ነካ ነካ አድርጊዋ። ማን ያውቃል?»

እውነትም ማንም አያውቅም። ላጲስ አነሳች። አንዱን አምስት አጠፋችና ሦስት ጻፈች፤ ሌላውን አራት አለችው። ቀጥሎ ያለው ወረቀት በመስመሯ የምትሠራ የአንዲት ሳቂታ ቁልፍ ሰፊ መሆኑ ትዝ አላትና እጇ ቆመ። ስለ እሷ ምን ልትጽፍ ነው? «ወጥታለች፣ ወጥታለች» የሚለው ድምፅ ከዚያ ከጭቃው ላይ መጣባት። ወረቀቱን ሁሉ ጠቅልላ ጣለችው።

በማግስቱ የእረፍት ሰዓት እንደ አባቷ አደረገች። አንድ በአንድ እየጠራች፣ ከመተኮሻው ክፍል ጀርባ ደረጃው ላይ አስቀምጣ ጠየቀች። ጠባብ ናት ያቺ ደረጃ፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ግን ሌላ ሰዋራ ቦታ የለም።

ሳቂታዋ ዞር ዞር ብላ አየችና «አንቺ ፕሮፌሰር፣ አደራ አትንገሪብኝ፤ እኔን የሚያደክመኝ ወሬያቸው ነው» አለች። ሌላዋ አራት አለች። ሌላዋ ደግሞ አለቀሰች።

እትዬ መጨረሻ ላይ ሳትጠራ መጣች። «የኔ አምስት ምን ሆነና ነው?» ብላ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «የማዋራው ሰው አለኝ ነው የሚለው?»

«አዎ እትዬ።»

«አንድ በይ» አለችና ቀሚሷን አራግፋ ሄደች።

ሰኞ ዕለት ቁጥሩ ወጣ። መላምቷን የሚደግፍ አልሆነም፤ ያዋሩም ያላዋሩም ደክሟቸዋል። ያንኑ ጽፋ አስረከበች። መምህሩ መጀመሪያ ያመጣችውን መረጃ ለምን እንደጣለችው የጻፈችበትን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበና የማለፊያውን የመጨረሻ ዝቅተኛ ውጤት ሰጣት። ለጥቂት ተረፈች።

ዲግሪውን ይዛለች፤ የሳይኮሎጂ ሥራ ግን እስካሁን አላገኘችም። ዛሬም በሩ አጠገብ ኮሌታ ትሰፋለች። ለውጥ ካለ፣ በእረፍት ሰዓት እትዬ ወንበሯን ይዛ እሷ ዘንድ መምጣቷ ነው። አዲስ የገቡ ሴቶች «ያን ሁሉ ዘመን ተምረሽ ምን አተረፍሽ?» እያሉ ሲነካኳት ክሩን በጥርሷ ትቆርጥና እንዲህ ትላለች፦

«እኔ ከዚህ ወንበር አልወጣሁም፤ ታዩኛላችሁ። ልጅ ሳለሁ ከተደረመሰ ግድግዳ ሥር የወጣሁት ግን አባቴ ሰዉን ለየብቻ ስለጠየቀ ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ጠይቄያለሁ። ከተማርኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።»