ስምንት ምት ዝምታ

ለኦርኬስትራ የምጽፍ ሰው ስለሆንሁ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ታንጎን ከወፍጮ ቤት ጩኸት ጋር መቀላቀል እንዴት መጣልህ?» ረቀቅ ያለ መልስ ይጠብቃሉ። መልሱ ቡሬ ነው። አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሸክላ ማጫወቻ ነበራቸው፤ ካሏቸው ጥቂት ሸክላዎች አንዷ ታንጎ ነበረች። ከሱቃቸው ጎን ደግሞ ወፍጮ ቤት አለ፤ በሞተሩ ጭስ ማውጫ ላይ የተደፋው ጣሳ ቀኑን ሙሉ «ኩክ፣ ኩክ» ይላል። ሁለቱን ለየብቻ ሰምቻቸው አላውቅም።

በደርግ ጊዜ አስተማሪ ነበርሁ፤ ለቡሬ ኪነት ቡድን ደግሞ አኮርዲዮን እጫወት ነበር። አኮርዲዮኑ ግን የእኔ ሳይሆን የአውራጃው ነው። ሌላ ስላልነበረ በየዓመቱ ፍኖተ ሰላም ላይ ውድድር ይደረጋል፤ ቡድኖቹ ሁሉ በተራ ይጫወቱበትና ያሸነፈው ይዞት ይከርማል። ያን ዓመት በእጃችን ነበር፤ ደምበጫዎች ግን ዓይናቸውን ጥለውበታል። እውነቱን ልናገርና፣ ለአብዮቱ ግድ አልነበረኝም። አኮርዲዮኑን ከሚወስዱብኝ ግን ጥርሴን ቢነቅሉት እመርጥ ነበር።

ለውድድሩ ታንጎዬን ጻፍሁ። አኮርዲዮን፣ ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ ወንፊት ላይ የሚንገዋለል በቆሎ፣ የወፍጮውን ጣሳ በአፋቸው የሚያስመስሉ ሁለት ሴቶች። ሦስት ቦታ ላይ ሁሉም ቀጥ ይላል፤ ስምንት ምት ፍጹም ዝምታ። ከሁሉም የምኮራው በዚያ ነበር።

ውድድሩን የሚመራው ካድሬ አስቀድሞ ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ግጥሙ የታለ?»

«ግጥም የለውም፣ ጓድ።»

«ታዲያ ምን እንደሚል በምን እናውቃለን?»

«ስለ ምርት ነው» አልሁና በቆሎውን አሳየሁት። ርዕሱንም «የአምራቹ ግስጋሴ» ብዬው ስለነበር አሳለፈኝ።

የውድድሩ ዕለት አዳራሹ ከየገበሬ ማኅበሩ ተጠርተው በመጡ ሰዎች ሞልቷል። ከጧት ጀምሮ ንግግር ሲሰሙ ነው የቆዩት። የስብሰባውን ሥርዓት ማንም ያውቀዋል፤ ተናጋሪው ትንፋሽ ሲወስድ የግራ እጅ ይነሳል፣ መፈክር ይባላል። እኔ ብልጡ ታንጎዬን ስጽፍ ይህን ረሳሁት።

የመጀመሪያው ዝምታ ደረሰ። ሁለት ምት እንኳ ሳይሞላ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ኢምፔሪያሊዝም!» አሉ። አዳራሹ በሙሉ እጁን አንስቶ «ይውደም!» አለ። ማሲንቆ መቺያችን፣ የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምነው አንተ ልጅ፣ ዝም አታሰኘና! ዝም ባልን ቁጥር ሊያወድሙን ነው» አሉኝ። «ምን ላድርግ አባባ፣ አንዴ ተጽፏል» አልሁ። በሁለተኛው ዝምታ አድኃሪ ወደመ። በሦስተኛው ማን እንደወደመ አልሰማሁም፤ ብቻ ከሁሉም የበለጠ የጮኹት ያኔ ነው። እኔ በልቤ አኮርዲዮኑን ለደምበጫ አስረክቤ ጨርሻለሁ።

ካድሬው መድረክ ላይ ወጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር ብል አልዋሸሁም። «ሰፊው ሕዝብ ራሱ የሚሳተፍበት ሙዚቃ ዛሬ ሰማን» አለ። አንደኛ ወጣን። ወዲያው እስክሪብቶውን አውጥቶ በሦስቱ ዝምታዎቼ ላይ «ሕዝቡ ይጮኻል» ብሎ ጻፈባቸውና ፈረመ። በጣም ተናደድሁ። ግን አኮርዲዮኑን አቅፌ ነበርና አመሰገንሁ። እስከ ደርግ መውደቅ ድረስ በየበዓሉ እንዲያ እያስጮህን ተጫወትነው፤ አውራጃው ፈርሶ ጠያቂ ሲጠፋም አኮርዲዮኑ እኔ ዘንድ ቀረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ አንድ ኦርኬስትራ ያንኑ ታንጎ ሊጫወተው ተነሳ። በካድሬው ጽሑፍ ላይ ወረቀት ለጥፌ ዝምታዬን መለስሁ። አኮርዲዮኑን ራሴ ያዝሁ። ታዳሚው ጨዋ ነው፤ ዝምታው ሲደርስ የሚያስል እንኳ ጠፋ። ሁለት ምት፣ ሦስት ምት። ያን ሁሉ ዘመን የተመኘሁት ይኸው መጣ፤ ደስ ግን አላለኝም። ከኋላ የሚጮሁ ሽማግሌ ናፈቁኝ። በአራተኛው ምት የግራ እጄ ከማሰሪያው ወጥቶ ብቻውን ተነሳ፤ አኮርዲዮኑም ተዘርግቶ አቃሰተ። መሪው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ስምንተኛው ምት ሲሞላ እጄ ገና እላይ ነበር።