አቡጀዲው የጠጣው ውሃ

ስፌት መኪና ላይ የተቀመጥኩ ዕለት አስተማሪ አልነበረኝም። የባለቤቴን አሮጌ ሱሪ በምላጭ ተርትሬ፣ ቁርጥራጩን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ እንደነበረ ልመልሰው ሰፋሁት። አንዱ እግር ወደ ኋላ ዞሮ ወጣ። ባለቤቴ ለብሶት ቆመና፣ «አስካለ፣ እኔ ውጫሌ ልሂድ ስል ይሄ ሱሪ ደሴ ሊወስደኝ ነው» አለኝ። ሁለተኛው ሱሪ ቀና። ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ልብስ ሲመጣብኝ አንዱን መተርተር ነው ትምህርቴ።

ሐይቅ ከተማ፣ ቤቴ በር ላይ፣ ዩኒፎርምና ቀሚስ ስሰፋ ኖርኩ። የዋና ልብስ ያዘዘኝ ሰው ግን አልነበረም፤ እኛ ዘንድ ልጅ የሚዋኘው በለበሰው ነው። አንድ ቀን የዋና ቡድን አሰልጣኝ የጎረቤቴን የጋሼ ሰይድን ልጅ ሐያትን አስከትሎ መጣ። ጋሼ ሰይድ ዓሣ አስጋሪ ናቸው፤ ልጅቱም ከታንኳቸው ላይ እየዘለለች ነው ያደገችው።

«ለውድድር መርጫታለሁ» አለ አሰልጣኙ። «አባቷ ግን ልብሱን ሳላይ አልለቅም ብለዋል።» የቡድኑ ቀለም አረንጓዴ ነው፤ ቢጫ መስመርና ደረት ላይ ቁጥር ይኑረው አለኝ።

ጨርቁን ከደሴ ገዝቼ እንደተመለስኩ ጋሼ ሰይድ መጡ። በሁለት ጣት ይዘው ሳቡት፤ ተለጠጠ። ለቀቁት፤ ተመለሰ።

«ይሄ ጨርቅ ነው ጎማ?»

«የሚለጠጥ ጨርቅ ነው ጋሼ።»

«የተለጠጠ ነገር ይሳሳል። ውሃ ሲነካው ደግሞ አላህ ይወቀው። አስካለ፣ ልጄን ሰው ፊት እንዳታራቁቻት።»

እኔም ጨርቁን አላመንኩትም። ነጋዴው «አያሳይም» ብሎ ሲምልልኝ ዓይኑ ሌላ ደንበኛ ላይ ነበር።

አሰልጣኙ የሰጠኝን አሮጌ የዋና ልብስ ተርትሬ ቅርጹን ካርቶን ላይ አነሳሁ። እጅጌውን እስከ አንጓ፣ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚት አስረዘምኩት። ተራ መርፌ እንዲህ ያለውን ጨርቅ ስለሚበሳሳው ጫፉ ደነዝ ያለውን አስገባሁ። ቀጥ ያለ ስፌት ሲለጠጥ ይበጠሳል፤ ወዲህ ወዲያ የሚጠማዘዘው ዚግዛግ ግን አብሮ ይሄዳል። በመጨረሻ ጋሼ ሰይድም እኔም የምናምነውን አደረግኩ፤ ከውስጥ የአቡጀዲ ገበር ጨመርኩበት። የእኛ አገር ስስ ቀሚስ ሁሉ የሚድነው በአቡጀዲ ነው። አቡጀዲ ስለማይለጠጥ ሰፋ አድርጌ ተውኩት።

ሐያት ለብሳው ዞረች። «እትየ፣ ገበሩ ለማን ነው?»

«ለአባትሽ።»

«የምዋኘው እኮ እኔ ነኝ።»

ሙከራው ሐይቁ ላይ ሆነ። አሰልጣኙ ሰዓት ይዞ ዳር ቆመ፤ ጋሼ ሰይድ በታንኳ ከጎኗ ቀዘፉ። መጀመሪያ እንደ ዓሣ ሄደች። ከዚያ ትከሻዋ ዝቅ አለ፣ እግሯ ሰመጠ፣ የታንኳውን ጠርዝ ያዘች።

አሰልጣኙ እኔን ሳይሆን እሷን ጠረጠረ። «ሰንፈሻል። በሚቀጥለው ሙከራ እንዲህ ከሆንሽ ሌላ ልጅ እወስዳለሁ።»

አባቷ ናቸው ጎትተው ሲያወጧት ክብደቱን ያወቁት። የእጅጌዋን ገበር ጨመቁት፤ ውሃው እንደ ቧንቧ ወረደ።

«ወላሂ ከመረቤ ይከብዳል። ምንድን ነው ያጠጣሻት?»

«አቡጀዲው ነው ጋሼ።»

«ገበሩን አውጪዋ።»

«ሲሳሳ ደግሞ እኔን ይወቅሳሉ።»

ሐያት ዓይኗን ከአባቷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አባቷ ታመላልስ ነበር።

ገበሩን ተርትሬ ጣልኩት። በምትኩ ቢጫውን መስመር ከዚያው ከሚለጠጠው ጨርቅ ቆርጬ፣ ሰፊ አድርጌ፣ አባት በሚሰጉበት ቦታ ሁሉ ደረብኩት። ቁጥሩንም ደረቷን እንዲሞላ አድርጌ ሰፋሁት።

አሰልጣኙ ሲያየው፣ «ይሄ ቁጥር ነው የአልጋ ልብስ?» አለ።

«ከሩቅ እንዲታይ ነው» አልኩት።

ጋሼ ሰይድ ልብሱን ባልዲ ውስጥ ነከሩት። እጃቸውን ከውስጥ ከተው ወደ ፀሐይ አነሱት፣ ፊቱን አዩ፣ ጀርባውን አዩ፣ መልሰው ነከሩት።

«እጄ አይታይም» አሉ ቅር እንዳላቸው። «ጨርቅሽን ግን አሁንም አላመንኩትም።»

«አይመኑት። ባልዲው ይኸው ነው።»

ሐያት ውሃው እየተንጠባጠበ ከእጃቸው ተቀበለችና ወደ ሐይቁ ሮጠች። በሁለተኛው ሙከራ ጋሼ ሰይድ ቀዝፈው አልደረሱባትም። አሰልጣኙም ስሟን ሳይሰርዝ ወደ ውድድሩ ይዟት ሄደ።

የውሃ ልብስ የሚለካው ረጥቦ ነው። አሁን እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልኝ ከመቀሱ በፊት ባልዲውን አቀርባለሁ።