ጋሽ ሬይ የቀመሱት ዓሣ

ልጅ እያለሁ ለንደን ማለት ለኔ ሃክኒ ሰፈር ነበረች። ሃክኒም ብትሆን ከፎቃችን ጀርባ ያለው ሪዘርቯር፣ የከተማው ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ኩሬ ማለቴ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ገና የመጣን ሰሞን ነው። ውሃው ጠዋት ጠዋት የረጠበ ብረትና የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። እማዬ አፍንጫዋን ትይዛለች፣ አባባ ግን መስኮቱን ከፍቶ ይስበዋል። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ተወልዶ፣ ዓሣ አጥምዶ ያደገ ሰው ነው። እዚህ ወረቀታችን እስኪወጣ መሥራት አይፈቀድለትም፣ እንግሊዝኛ የለውም፣ የሚያናግረው ሰው የለውም። ክሮይደን ኢሚግሬሽን ሲጠሩን ብቻ ከረባት አስሮ ይወጣል። ሌላውን ቀን ውሃውን ሲያይ ይውላል።

አንድ ቅዳሜ እማዬ መረራት። «ኧረ ይህን ሰውዬ አውጪልኝ፣ መስኮቱን በዓይኑ በሳው!» ብላ እኔን ከኋላው ላከችኝ። ውሃው ዳር አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው ዓሣ ይጠብቃሉ። አባባ አጠገባቸው ቆመ። ብዙ ቆየ። ውሃው ላይ የተንሳፈፈችው ቡሽ ስትጠልቅ ሁለቱም እኩል «ኦ!» አሉ። ከዚያ በኋላማ አስተርጓሚም አላስፈለጋቸው። ሰውዬው ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱልንና «ሬይ እባላለሁ» አሉ። አባባ ወደኔ ዞሮ «አባቴን የሚያክል ሰው በባዶ ስሙ አልጠራም» አለና «ጋሽ ሬይ» አላቸው። ወደዱት መሰለኝ፣ «ጋሽ፣ ጋሽ» እያሉ አንደበታቸውን ያለማምዱ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የነሱ ቀን ሆነ። ጋሽ ሬይ ለውሃው ጠባቂ ነግረው አስፈቀዱልን፣ ትርፍ የማጥመጃ ዘንጋቸውንም ለአባባ አዋሱት። አባባ ስለ ዝዋይ ሲያወራ እኔ በትንሿ እንግሊዝኛዬ እተረጉማለሁ፣ ሲደክመኝ እየዘለልኩ። ለንደን ከገባን ወዲህ አባባ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት እዚያ ሳሩ ላይ ነው። ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ «ዛሬ ከጓደኛዬ ጋር...» ብሎ ይጀምራል። እማዬ «ጓደኛዬ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ድስቷ ላይ አቀርቅራ ፈገግ ትላለች።

አንድ ነገር ብቻ አልገባን አለ። ጋሽ ሬይ ያንን የሚያህል ዓሣ አውጥተው፣ መዝነው፣ እንደ ሕፃን አገላብጠው አይተው፣ ጀርባውን ሳም አድርገው መልሰው ውሃ ውስጥ ይለቁታል! «ልጠይቃቸው?» አልኩት አባባን። «ተዪ፣ ሰው ለምን አትበላም አይባልም፣ ነውር ነው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ምክንያቱን ያገኘ መሰለው። «ሚስታቸው ሞታለች አላሉሽም? አዎ! ታዲያ ማን ይሠራላቸዋል? ወንድ ብቻውን ዓሣ ይዞ ቤት ቢገባ ምን ያደርገዋል!» አንጀቱን በሉት።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቅዳሜ፣ ጋሽ ሬይ ገና ሳይመጡ፣ የአባባ ዘንግ ጎበጠ። ታገለው፣ ታገለው፣ በመጨረሻ አንድ ሕፃን የሚያክል፣ ካርፕ የሚሉትን ዓሣ አወጣ። ወርቅማ ነው፣ በአንድ ጎኑ መዳፍ የምታክል ቅርፊት የሌላት ቦታ አለች። አባባ ባገሩ ልማድ እዚያው ራሱን መትቶ ገደለውና በኮቱ ጠቅልሎ እየሮጠ ወደ ቤት። «በፍልሰታ ዓሣ! ቄሱ ይስሙህና!» አለች እማዬ። «ዝዋይ ላይ ዓሣ ጎመን ነው፣ ደግሞ ለጋሽ ሬይ ነው፣ ሥሪልኝ» አላት። እሷም እያጉረመረመች በዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ለብለብ አደረገችው። ሽታው እስከ ታችኛው ፎቅ ወረደ።

ትሪውን ሸፋፍነን ስንደርስ ጋሽ ሬይ መጥተዋል። አባባ እንጀራ ቆረሰ፣ ወፍራም ሥጋውን ጠቀለለና አጎረሳቸው። ደነገጡ፣ ሳቁ፣ በላብ ተጠመቁ፣ አውራ ጣታቸውን አነሱ። ከዚያ «ከየት ገዛችሁት?» አሉ። አባባ በኩራት ወደ ውሃው ጠቆመ። ክንዱን ዘርግቶ ትልቅነቱን አሳየ፣ የራሱን ጎን ዳበሰና «እዚህ ጋ ቅርፊት የለውም በያቸው» አለኝ። አልኳቸው።

ማኘካቸውን አቆሙ። እኔን አይተው «ከአንቺ በዕድሜ ትበልጥ ነበር» አሉኝ። ለካ ያቺን ዓሣ ያውቋታል። ሚስታቸው በሕይወት እያሉ አብረው አውጥተው ለቀዋታል፣ ስም ያወጡላትም ሚስታቸው ናቸው። እዚያ ውሃ ዳር የሚቀመጠው ሁሉ ያውቃታል፣ ማንም አይነካትም። ሁሉንም ለአባባ ነገርኩት። ሁለተኛው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ሰውዬው ደንግጠው ተነሡ። «አላወቅህም፣ አላወቅህም» እያሉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ወንበራቸውን አጥፈው ሄዱ።

አባባ የተዋሰውን ዘንግ ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠበቃቸው። መንጠቆ ውሃ ውስጥ አልጣለም፣ ዝም ብሎ መጠበቅ። ሌሎቹ አጥማጆች ፊታቸውን አዞሩበት። ጋሽ ሬይ ግን አልመጡም፣ ቅዝቃዜ ሲገባ ዘንጉን ለጠባቂው ሰጥቶ ተመለሰ።

ያ ነገር እኔም ላይ ቀረ። ትምህርቴን ሳልገፋ ጽዳት ገባሁ፣ ወለድኩ፣ ዛሬ የአርባ ምናምን ዓመት ሴት ነኝ፣ እስካሁን ግን የሰው ቤት ስገባ ልቤ ይመታል። ሳላውቅ የሰው ነገር እነካ ይሆን? ደግነቴ ማንን ይጎዳ ይሆን? ልጄ ሊያ እንግሊዛዊ ጓደኛዋ ዘንድ ስታድር እንቅልፍ የለኝም፣ ሁለቴ ሦስቴ እደውላለሁ። እሷ ትስቅብኛለች። «ማሚ፣ ሪላክስ! ያላወቅኩትን እጠይቃለኋ!» እንዲህ ቀላል ነው ለነሱ። እኛ መጠየቅ ነውር ሆኖብን የሰው ትዝታ በላን።

አባባ አሁን አርጅቶ እኔ ጋ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር ነው የሚኖረው። ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሊፍት ውስጥ «ሃሎ» ሲሉት ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ጫማውን ያያል። ዝዋይ የሚያውቁት ሰዎች ግን ከመንገደኛ ጋር ሳይቀር እየተቃቀፈ የሚውል ሰው ነበር ይሉኛል። እኔም እዚያ ሪዘርቯር ዳር አይቻለሁ። ለንደን ላይ አንዴ ብቻ ነው የሞከረው።